ቀዩ ሌዘር

እጸገነት የተማረች ናት፤ መማሯን ሰው እንዲረሳባት ደግሞ አትወድም። ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ፣ ከምድር ቤት ወደ አዳራሹ ስክሪን ምስልን በብርሃን የሚያደርስ ክር መሰል የፕላስቲክ ፋይበር መስመር ስታስዘረጋ፣ ብርሃኑን የሚልከውን ሌዘር የመረጠችው ራሷ ነበረች። ፋይበሩን የቆረጠውና ያገናኘው ቴክኒሻኑ ጃዋር ነው።

ስብሰባው ሊጀመር ሲል ስክሪኑ አልበራ አለ።

«ይሄ ነው አቆራረጥ? በቃ፣ ነገ እንዳትመጣ!» አለችው፣ ሥራ አስኪያጁም አስተናጋጆቹም እየሰሙ።

«ኢንጂነር፣ ጫፉን ሁለቴ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼዋለሁ፣ ማለቴ...»

«አትከራከረኝ!»

የጃዋር አባት የሆቴሉ ጥበቃ ናቸው። ጩኸቱን ሰምተው መጡና ጎንበስ አሉላት። «በእኔ ይሁንብሽ ልጄ። ልጅ ነው፣ ተሳስቶ ይሆናል። እንጀራውን አትዝጊበት።»

ሽማግሌ ለምኖ እምቢ አይባልም። «እሺ፣ ለእርስዎ ስል ምሬዋለሁ» አለች። ደግነቷ ለራሷም ደስ አላት።

ጃዋር አዳራሹ ውስጥ ያለውን ጫፍ እንደገና ሊያስተካክል ቀረ። እሷ ወደ ምድር ቤት ወርዳ ሌዘሩን ገልብጣ ጽሑፉን ስታነብ ፊቷ ጋለ። በመስታወት ፋይበር ልማድ ያዘዘችው ዓይን የማያየውን፣ ኢንፍራሬድ የሚሉትን ኖሯል። ፕላስቲክ ያንን ብርሃን መንገድ ላይ ውጦ ያስቀረዋል፤ ደህና አድርጎ የሚያሳልፈው ቀዩን ነው። ለሙከራ የያዘችው ቀይ ሌዘር ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ቀየረችው። ማንም አላያትም።

ወደ አዳራሹ ስትወጣ ስክሪኑ በርቷል። ሥራ አስኪያጁ የጃዋርን ትከሻ እየመታ «ለካ አንተ ቁጣ ነው የሚያሠራህ!» ብሎ ሳቀ። ጃዋር አንገቱን ደፋ። አባቱ ግን ወደ እሷ መጥተው «ተባረኪ፤ ልጄን ሰው አደረግሽልኝ» አሉና እጇን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እጇን ነጠቀች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «የተሳሳተ ሌዘር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አሁንም ደብቄ ቀየርኩት። የጃዋር ሥራ ምንም እንከን አልነበረበትም።»

የሽማግሌው እግር ላይ ልትወድቅ አስባ ነበር፤ እሳቸው ግን ጀርባቸውን ሰጥተዋት ወደ ልጃቸው ዞረዋል።

«ጃዋር» አሉ፣ «ሁለቴ አለስልሼዋለሁ ስትል ሰምቼህ ነበር። አላመንኩህም። ይቅር በለኝ ልጄ።»