የሆቪታ ዘፈንና የሬዲዮው ዲስክ

የፑንታ ሴካ ሬዲዮ ጣቢያችን ከባሕሩ ዳር፣ ከኳስ ሜዳው ፊት ለፊት ናት። አንዲት ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፤ በቃ። ኮምፒውተሩ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ ኮምፒውተርን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ነው፤ በነፃ ይገኛል፣ አሮጌ ማሽንም አይንቅም። የጫነውም የሚጠግነውም ሴልቪን ጉይቲ ነበር። ሴልቪን በሙያው የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ሲሆን እሑድ እሑድ ደግሞ የኳስ ጨዋታ ያስተላልፍልን ነበር። ምላሱ ከኳሷ ይቀድማል እያልን እናሾፍበታለን።

ጣቢያዋን የምትመራው ዶሚቲላ አርሱ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት። እኛ ጋሪፉና የምንባል የባሕር ዳር ሰዎች ሐዘናችንንም ደስታችንንም የምናኖረው በሴቶቻችን ዘፈን ነው፤ ዶሚቲላም አሮጊቶቹን እያግባባች ዘፈናቸውን ስትቀዳ ዓመታት አሳልፋለች። ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ቅጂዎቻቸውም የነበሩት በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ከሁሉም አብልጣ የምትሳሳለት የሆቪታን ዘፈን ነበር። ሆቪታ ልጇን ክሪሳንቶን ባሕር ሲያስቀርባት ራሷ የገጠመችው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጣ ዘፈነችውና፣ "በቃ፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቁኝ" ብላ ተነሣች። ባለፈው የዝናብ ወራት እሷም አረፈች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዶሚቲላ ሴልቪንን አስጠራችው።

"ይሄ ማሽንህ ይንተባተባል" አለችው። "ዘፈኑ መሀል ላይ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ይቀጥላል። ስማው እስቲ፣ ሆዱ ውስጥ ጥፍሩን የሚበላ ሰው ያለ ይመስላል።"

ሴልቪን ጆሮውን አስጠጋ። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ ማሽኑ የጻፋቸውን መልእክቶች ተመለከተ። ዲስኩን ማንበብ አልተቻለም የሚለው ስህተት ተደጋግሞ ሰፍሯል። ጥፋቱ የገመዱ ሊሆን ይችላል፤ የዲስኩም ሊሆን ይችላል። በኛ አገር የባሕር ጨው የማይበላው ብረት የለምና መጀመሪያ ገመዱን ነቀለ። ጫፉ ዝጓል። በሌላ ቀየረው፤ ዘፈኑም ሳይደናቀፍ ዘለቀ።

"አየሽ አክስቴ? ገመድ ነው" አለ እየሳቀ።

ያም ሆኖ ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት ምን እንደሚል ጠየቀው። ከላይ ምርመራውን "አልፏል" የሚል መልስ መጣ። ሴልቪን ዝቅ ብሎ ሲያይ ግን፣ ተበላሽተው በሌላ የተተኩ ቦታዎች ብዙ ናቸው፤ መነበብ አቅቷቸው የተንጠለጠሉም አሉ። ዜሮ መሆን የነበረባቸው ቁጥሮች ናቸው። ሳቁ ቀዘቀዘ።

ዶሚቲላ ከጀርባው ቆማ ነበር። "ምን ይላል?"

"አልፏል ይላል።"

"አልፏል ያለው እሱ ነው ወይስ አንተ?"

"እሱ ነዋ! ይኸው፣ አንብቢው።"

"ግዴለህም፣ ወንድሜ ከላ ሴይባ ከተማ የላከው ባዶ ዲስክ መሳቢያው ውስጥ አለ። ነገ ጣቢያውን ዘግተን ሁሉንም ብትገለብጠውስ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው ልጄ።"

"ነገ?" ሴልቪን ወንበሩን ገፍቶ ዞረ። "ነገ እኮ የዋንጫው ፍጻሜ ነው! ባሕር ላይ ያሉት፣ ከአልጋ የማይነሡት፣ ሁሉም እኮ የሚጠብቁት እኔን ነው። ሰኞ በጠዋት መጥቼ እገለብጠዋለሁ።"

"አንተ ካልክ እንግዲህ" አለችና ወጣች።

በማግስቱ ሴልቪን በመስኮቱ ሜዳውን እያየ ጨዋታውን ያስተላልፍ ጀመር። አንድ ለአንድ ናቸው፤ ሁለተኛው አጋማሽ ተጋግሏል። ጠቅታው እንደገና መጣ፤ እየበረታም ሄደ። ሰምቶታል። ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። የኛ አጥቂ ኳሷን ይዞ ሲገሰግስ ሴልቪን ወንበሩ ላይ ቆሞ እየጮኸ ነበር፤ ያኔ ሽማግሌው ናታልዮ ሬዲዮውን ታቅፎ በሩን በርግዶ ገባ።

"አንተ ቀባጣሪ! ለማን ነው የምታወራው? ሬዲዮው ዝም ካለ ቆየ እኮ!"

ሴልቪን ዞሮ ስክሪኑን አየ። ደርቋል፤ ድምፁ የሚተላለፈውም በሱ በኩል ነበር። ማሽኑን አጥፍቶ ቢያበራው ዲስኩ ሦስት አራቴ ጠቅ ጠቅ አለና ጸጥ አለ። ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ሴልቪን የሰማው በማግስቱ ነው።

ሰኞ ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘው። እድል ሆኖ እያነከሰም ቢሆን ተነሣ። ልጠግነው ቢል ጨርሶ እንደሚገድለው ያውቃልና፣ የሚነበበውን ብቻ እየገለበጠ የታመመውን ቦታ ዘሎ የሚያልፍ፣ በመጨረሻም ተመልሶ እሱኑ ደጋግሞ የሚሞክር ፕሮግራም አስነሣ። ዶሚቲላ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ አምጥታለት አጠገቡ ተቀመጠች። ዓሣው ቀዘቀዘ፤ የነካው ግን አልነበረም። ቀኑን ሙሉ፣ በማግስቱም እንዲሁ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ ዋሉ።

ከአሮጌዎቹ ዘፈኖች ብዙዎቹ ተረፉ። የኳስ ጨዋታዎቹ ቅጂ ሁሉ አንድም ሳይጎድል ወጣ፤ የሴልቪን ጩኸት ጥርት ብሎ ይሰማል። የሆቪታ ዘፈን ግን መግቢያው ብቻ ነው የተገኘው። ክሪሳንቶን በስሙ ከጠራችው በኋላ ድምጿ ይቆረጣል።

ዶሚቲላ የሆቪታን እኅትና ጎረቤቶቿን ሰብስባ የቀረውን አስታውሱኝ አለች።

"ጀልባህን ለማን ሰጠህ ነው ያለችው" አለች እኅቷ።

"የለም፣ መቅዘፊያህን ነው" አለች አንዲት ጎረቤት።

"አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ ያኔ ቴላ ከተማ አልነበርሽ?"

"ብኖርስ! ጆሮዬን እዚሁ ትቼ ነበር የሄድኩት መሰለሽ?"

ሳቅ ተነሣ። ከዚያ አንዷ ልትዘፍነው ሞከረችና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ዜማው ጠፋባት። ሌላዋ ልታነሣላት ብላ እሷም መሀል ላይ አቆመች። ሆቪታ ያን ዘፈን ለብቻዋ ነበር የምታንጎራጉረው። ሴቶቹ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ አንድ በአንድ ወጡ።

ሴልቪን ያን ቀን ዶሚቲላን ተከትሎ እስከ ደጇ ሄደ።

"አክስቴ፣ ቅዳሜ አይቼው ነበር። ዲስኩ እየሞተ መሆኑን አውቄያለሁ።"

"አይቼሃለሁ። ፊትህ ሲለወጥ አይቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ? ለምን አልተቆጣሽኝም?"

ዶሚቲላ መዝጊያውን ይዛ ቆመች። "እኔም ኳሱን መስማት ፈልጌ ነበራ" አለች።

አሁን ጣቢያዋ አዲስ ዲስክ አላት፤ ሴልቪን የተቀዳውን ሁሉ በሁለት ቦታ እያስቀመጠ ነው። ማይክሮፎኑን ተሸክሞ በሕይወት የቀሩትን አሮጊቶች ቤት ለቤት ይዞራል። ብዙዎቹ እሺ ይሉታል። የሆቪታ እኅት ግን በሯን ገርበብ አድርጋ፣ "የእኅቴን ያኖራችሁበት ነው የኔንም የምታኖሩት?" አለችው።

ሴልቪን፣ ያ ሁሉ ምላስ ያለው ሰው፣ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ደጃፏ ላይ ቆመ። እሷም ግባ አላለችው፣ በሩንም አልዘጋችበት።