ሳትጣደፉ ቅበሩኝ

ልብስ ሰፊዋ ሞትን አትፈራም፤ የምትፈራው ቶሎ መቀበርን ነው። ትፍራ፣ ማን ይፈርድባታል! በአሥራ ስድስት ዓመቷ የሚጥል በሽታ ቀኑን ሙሉ በድን አድርጎ አስተኝቷት፣ ተገንዛ ሣጥን ውስጥ ከገባች በኋላ ነው ያቃሰተችው። ለቀስተኛው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ በር ጥሶ ወጣ። ዛሬም ሃምሳን አልፋ፣ በር ሲዘጋ ትበረግጋለች።

በሽታው ሰሞኑን ተመልሶባታል። ስለዚህ ታላቅ ወንድሟን ይዛ ውል ወደሚጸድቅበት ቢሮ ሄደች። ከሱ በቀር የሥጋ ዘመድ የላትም። ወንድሟ አናጢ ነው። ደግ ሰው ነው፤ ግን ሰፈሩ «ቶሎ ቶሎ» እያለ የሚጠራው በከንቱ አይደለም፤ ሙጫው ሳይደርቅ ወንበሩን ይሸጣል። የያኔውንም ሣጥን በግማሽ ቀን ሠርቶ የጨረሰው እሱ ነው።

ጸሐፊው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ አነበበ፦ «ስሞት የቀብሬን ነገር የሚወስነው ወንድሜ ነው። ሐኪም ሁለት ጊዜ ሳያየኝ፣ ሦስት ቀንም ሳይሞላ አፈር እንዳያለብሰኝ።» ከዚያ እስክሪብቶውን ለአናጢው ዘረጋለት። «ተወካዩ መስማማቱን ካልፈረመ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። ይፈርሙ።»

አናጢው እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ።

«ምነው ጋሼ?» አለችው።

«ሌላ ሰው ፈልጊ።»

«ማን አለኝና?»

«ያን ቀን…» እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ያን ቀን ክዳኑን ልገጥም ስል ጣትሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«እና?»

«መስሎኝ ነው አልኩ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለት ሚስማር መታሁ እኮ! ባታቃስቺ ኖሮ…»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሯን ከሱ አራቀች። ይሄን ሁሉ ዓመት አብራው በልታለች፣ ሲታመም አስታማዋለች። ተነስታ መሮጥ አማራት፤ ግን ወዴት? ጸሐፊው እንኳ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ማኅተሙን ይወለውላል።

«ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

«በምን አፌ! ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ወስዶኝ አያውቅም። ሚስማር በመታሁ ቁጥር የምሰማው አንቺን ነው።»

ትክ ብላ አየችው። የሷን ፍርሃት ከሷ እኩል የሚፈራላት ሰው ይኸው ብቻ ነው።

«እንግዲያው አንተው ፈርም» አለችው። «ሌላው ሰው፣ ሞታለች ካሉት ያምናል። አንተ አታምንም።»

ፈረመ። እሷም ፈረመች።