በየፊናቸው ወደ ድሬዳዋ

ፈድሊያ ድሬዳዋ ወንድ ልጅ ተገላገለች የሚለው መልእክት ጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ሲደርስ፣ እናቷ ዙቤይዳና አባቷ አባቦራ ደስታውን በቅጡ ሳያጣጥሙት በምን እንሂድ በሚለው ተጣሉ።

አባቦራ በወጣትነቱ ድሬዳዋ ትንሽ ነግዶ ነበርና ባቡር ሲነሳ ዓይኑ ያበራል። «ባቡር ላይ ሰው ሰው ሆኖ ይሄዳል። እግርሽን ትዘረጊያለሽ፣ በመስኮት ወተት ትገዣለሽ» ይላል። ጅማ ሐዲድ እንደሌላት፣ ባቡሩ ያለበት አዲስ አበባ ለመድረስም ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ አቧራ መቃም እንዳለ ግን አያነሳም።

ዙቤይዳ በበኩሏ አውሮፕላን ተሳፍራ ስለማታውቅ፣ ስለ ምቾቱ ቅንጣት ጥርጥር አልነበራትም።

«አንተ እየተንፏቀቅክ ና። እኔ ልጁን አቅፌ እጠብቅሃለሁ» አለችው።

የቀበሌው ሊቀመንበር የጉዞ ይለፍ ወረቀት ሲሰጣቸው ባልና ሚስት አንድ አገር በሁለት መንገድ መሄዳቸውን እንደ ሴራ አይቶ ብዙ ጠየቃቸው። በመጨረሻ አባቦራ ሰኞ ማለዳ በአውቶቡስ ወጣ።

እሷ ለአራሷ ልጇ ያዘጋጀችውን ማር በቆርቆሮ ይዛ፣ አዲስ ሻሿን አስራ አየር ማረፊያ ሄደች። ደመናው ከከተማው ራስ ላይ አልነሳ ብሏል። አውሮፕላኑ ከላይ አጓርቶ ሄደ። «ነገ» አሏት። በማግስቱም «ነገ» አሏት። ሰማዩ የጠራ ዕለት ደግሞ ሚዛን አመጡ። ዕቃ ነው ብላ ማሩን አስቀመጠች።

«እርስዎም ይውጡ፣ እናቴ» አላት ሠራተኛው።

ስንት ዘመን በሰፈሩ ተከብራ የኖረችው ዙቤይዳ እንደ ቡና ጆንያ ተመዘነች። ሰውየው ኪሎዋን ከኋላ ለቆሙትም እንዲዳረስ ጮክ ብሎ አነበበው።

ከዚያ በኋላ ከአየር ላይ ያየችው ከጎኗ የተቀመጠው ሰው የያዘውን የማስታወኪያ ከረጢት ብቻ ነው። የምታውቀውን ዱዓ ሁሉ ጨርሳ እንደገና ስትጀምር አዲስ አበባ አረፉ። ፍጥነቱ አይካድም።

የድሬዳዋው ቦታዋ ግን ለስብሰባ ለሚሄዱ ጓዶች ተሰጥቶ ቆያት። ቀጣዩ በረራ በሚመጣው ሳምንት ነው። ጓዶች የያዙትን ወንበር ማስለቀቅ ለጤና ጥሩ እንዳልሆነ ስለምታውቅ፣ ማሯን ተሸክማ ለገሃር ባቡር ጣቢያ ሄደች። ይህን ለማንም ላለመናገር ወስና ነበር።

ከተሰለፈው ሕዝብ መሀል ሻንጣው ላይ የተቀመጠ፣ ጢሙ ያደገ ሰው አየች። አባቦራ ነው።

«ማሎ!» አለች እንደ አገሯ ሰው ተገርማ። «አልሄድክም እንዴ?»

«ባቡሩ ሊመጣ ነው» አለ፣ ብዙም ሳይደነግጥ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከማክሰኞ።» ከዚያ ቆርቆሮዋን አየና፣ «አንቺስ? አውሮፕላኑ እዚህ ማረፍ ጀመረ?»

ቆርቆሮዋን መሬት አስቀመጠች። እሱም ጠጋ ብሎ ሻንጣው ላይ ቦታ ሰጣት፤ ዳቦውንም ቆርሶ አካፈላት። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ሳይነታረኩ ሲበሉ የመጀመሪያቸው ነበር።

ባቡሩ መጣ። ወንበሩ እንጨት፣ መተላለፊያው ሽንኩርትና ፍየል ነው። ከአዋሽ ወዲያ በረሃው መሀል ቀጥ ብሎ ቆመ። ምክንያቱን የነገራቸው የለም፤ አባቦራ ግን የባቡሩ ባለቤት ይመስል «ሞተሩ እያረፈ ነው» እያለ ላልጠየቀው ሁሉ ያስረዳል።

ዙቤይዳ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች። ከአንዲት አፋር ሴት በመስኮት የግመል ወተት ገዛች። ከሐዲዱ ዳር ወርዳ ሰገደች። ደስ አላት፤ ነገር ግን ይህን ለባሏ ከምታምን እንደገና ብትመዘን ይሻላታል። ሳይታወቃት ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እሱም እጁ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀሰም።

ድሬዳዋ ሲደርሱ፣ አማቱን ፍለጋ ጣቢያው ሲመላለስ የሰነበተው የፈድሊያ ባል ጀማለዲን ተቀበላቸው።

«እማማ፣ እርስዎ በአውሮፕላን ይመጣሉ አልተባለም?»

«በአውሮፕላን ነው የመጣሁት» አለችው። «አባቦራን መንገድ ላይ ወድቆ አግኝቼ፣ እሱን ላደርስ ነው በዚህ የዞርኩት።»

አባቦራ ሊናገር አፉን ሲከፍት ቆርቆሮውን አሸከመችው።

በምን እንመለስ የሚለው ክርክር ያንኑ ማታ ተጀመረ። ሁለቱም ሕፃኑን እየተቀባበሉ ይከራከራሉ፤ ቲኬት ልቁረጥ ብሎ የሚነሳ ግን የለም። ፈድሊያም ይህን አይታ ትስቃለች። ልጁ ጥርስ ሲያበቅል እነሱ ገና ስለ ባቡር መስኮት ይሟገቱ ነበር።