እንደ ፈቀዳችሁ

«ዛሬ ወርክሾፑን ከዘጉት ልጅቷን በምን አስቀራታለሁ?»

እማማ ካስሚያቲ ይህን ጥያቄ ከንጋት ስግደት ጀምሮ ሲያገላብጡት ነው የቆዩት። ባሕሩ ሌሊት ገብቶ የወጣበት ወለል ገና አልደረቀም። በመንደሩ ትምህርት ቤት ወርክሾፕ የጀልባ ሞተር ጥገና የምትማረው የልጅ ልጃቸው ዊናርሲ ደፉ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯ ሥር የገባውን ግራሶ በስንጥር ትፈቀፍቃለች።

«እሱም እጅ ሆኖ! እንዲህ ጠቁረሽ ማን ያገባሻል?»

«ጀልባው የተበላሸበት ይመጣላ፣ እማማ።»

አሮጊቷ ሊስቁ ፈልገው አልሆነላቸውም። የዊናርሲ እናት ልጇ ገና ድክ ድክ ስትል ነበር የሄደችው። ያኔም ቃሉ «ሥልጠና» ነበር። ከከተማ ማሠልጠኛ ወደ ባሕር ማዶ፣ ከባሕር ማዶ ወደ ሰው ቤት። መጀመሪያ ስልክ ትደውል ነበር፤ ኋላ ግን እሱም ቀረ። አሁን ደግሞ አውራጃው አዲስ የትምህርትና የሥራ ዕቅድ አውጥቶ፣ በየመንደሩ ትምህርት ቤት ያሉትን ትንንሽ ወርክሾፖች ዘግቶ ወጣቶቹን ፋብሪካዎቹ አጠገብ ወደተሠራው ማዕከል ሊሰበስብ ነው። እዚያው ይማራሉ፣ እዚያው ያድራሉ፣ እዚያው ይቀጠራሉ። ስለ መመለስ የተናገረ የለም።

«አደራ፣ ዛሬ ስብሰባው ላይ ይናገሩልኝ» አለች ዊናርሲ ቀና ሳትል። «እኔን ማን ይሰማኛል? እርስዎ ‹ወርክሾፑ አይነካብን› ካሉ ግን ጋሽ ሙርዮም ዝም አይሉም።»

«እናገራለሁ አልኩሽ እኮ። ደግሞ ያንን ስንጥር ተይው፣ ጣትሽን ትወጊያለሽ።»

በመንደሩ አዳራሽ የሊቀ መንበሩ የጋሽ ሙርዮ ሚስት የተጠበሰ ካሳቫ ይዘው ደጃፉ ላይ ተቀበሏቸው።

«ይብሉ እንጂ።»

«በልቼ ነው የወጣሁት።»

«ኧረ በሞቴ፣ አንዷን እንኳን።»

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

«እንግዲያው ተቀየምኩ!»

ይሄኔ እማማ ካስሚያቲ እጃቸውን ዘረጉ፤ በእርግጥም ርቧቸው ነበር። በጃቫ ጠረፍ፣ በዚያ መንደር፣ የመጀመሪያው መልስ መልስ ሆኖ አያውቅም። ሰው የልቡን የሚያወጣው ሁለት ሦስቴ ሲለመን ነው፤ በአንድ ጥያቄ የልቡን የሚዘረግፍ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል።

ከአውራጃው የመጣው ወጣት ትሑት ነበር። ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ለሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ዓይኑ ግን ከመስኮቱ አልነቀል አለ። ማዕበሉ ሲመለስ መንገዱን ውኃ ይሸፍነዋል፤ መኪናውም እዚያው ታድራለች። ግድግዳው ላይ ባበራው ሥዕል ውስጥ ነጫጭ ሕንፃዎችና ንጹሕ የደንብ ልብስ የለበሱ ልጆች ይታያሉ። እማማ ካስሚያቲ የአንዷን እጅ ልብ ብለው አዩት። ንጹሕ ነበር።

«ከሴቶች ማኅበር እማማ ካስሚያቲ አሉ» አለ ወጣቱ። «ልጆቹ ወደ ማዕከሉ ቢሄዱ ቅር ይልዎታል?»

አሮጊቷ ተነሡ። ዊናርሲ ከውጭ በመስኮቱ ብረት ላይ ግንባሯን አስደግፋ ታያቸዋለች።

«እኛማ ምን እናውቃለን» አሉ፣ እናታቸው እንዳስተማረቻቸው። «እንደ ፈቀዳችሁ።»

ይህን ብለው ጠበቁ። ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ የሚሉትን ከንጋት ጀምረው አሰናድተውት፣ ምላሳቸው ላይ ነበር። ሌሎቹ ሴቶችም አንገታቸውን ደፍተው አብረው ጠበቁ።

ወጣቱ ፈገግ አለ። «አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ እማማ። እንግዲህ ሴቶቹም ተስማምተዋል።» ጣቱ ኮምፒውተሩን ነካ፤ ግድግዳው ላይ የነበረው ሥዕል በሌላ ተተካ።

ጋሽ ሙርዮ አፋቸውን ከፈቱ። እንግዳን በሰው ፊት «ተሳስተሃል» ማለት አልሆነላቸውምና መልሰው ዘጉት። እማማ ካስሚያቲም እንደ ቆሙ ቀሩ። «አይሆንም» የምትለዋ ቃል ጉሮሯቸው ላይ ነበረች። እንዳትወጣ የያዛት እፍረት ብቻ ነበር? ወይስ ያ ግድግዳው ላይ ያዩት ንጹሕ እጅ? ራሳቸውን ጠየቁና መልሱን ፈሩት። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወደ መስኮቱ ሲዞሩ ብረቱ ላይ ማንም አልነበረም።

ሲወጡ ጎረቤታቸው ክርናቸውን ያዘቻቸው። «ካስሚዬ፣ ለከተማ ሰው እኮ ከመጨረሻው መልስ ነው የሚጀመረው!» ሊያስቅ የታሰበ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም።

ቤት ሲደርሱ ውኃው ግቢው ውስጥ መግባት ጀምሯል። ሩዝ ጣዱ፤ ጨው የበላውን ዓሣ ጠበሱ። ዊናርሲ ገብታ በጀርባዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ከድሮም ግራሶዬን አይወዱትም ነበር» አለች።

«ልጄ፣ ደግሞ ይጠይቀኛል ብዬ እኮ ነው! ይጠይቀኛል ብዬ...»

«እሱ በምን ያውቃል፣ እማማ?»

ልጅቷ ጓዳ ገብታ ቆይታ ወጣች። የሥራ ቱታዋን አውልቃ የዒድ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ትከሻዋ ላይ ትንሽ ቦርሳ አለ። ከወርክሾፑ ተውሳ ያመጣችውን የብሎን መፍቻ በጨርቅ ጠርጋ፣ ጠርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እጇ እስከ ክርኗ ታጥቦ ቀልቷል።

«ብዪ እንጂ» አሉ እማማ ካስሚያቲ ሳህኑን እየገፉላት።

ዊናርሲ ጫማዋን አንሥታ በጣቷ አንጠለጠለችው።

«ኧረ ትንሽ ቅመሺ። ማዕከሉ ነገም አለ፤ መንገዱ ውኃ ነው፣ ብርድ ይመታሻል... ኧረ በሞቴ።»

ሦስተኛው ልመና ቀርቷቸዋል። ሳህኑን በሁለት እጃቸው ይዘው ተነሡ፤ አፋቸውንም ከፈቱ። ዊናርሲ ግን የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ደፉን ተሻግራ ውኃ ወደሸፈነው መንገድ ወጣች።