ሞክሼዎቹ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። እኛ ግሪኮች ዘንድ ግን መልአኩ ሥራ የለውም፤ የልጅ ልጅ የአያቱን ስም ይወርሳል፣ አለቀ። ጣጣዬም ከዚህ ጀመረ።

ሽቱትጋርት ያለው የቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ዘጠኝ ልጆች ብቻ ቀርተውት ነበር። ከአሥር ካነሰ ይዘጋል። ሃያ ሁለት ዓመት ያስተማርኩበትን ክፍል ላስረክብ? ሞቼ ነው! አሥረኛ ስም ስፈልግ ከአሮጌው መዝገብ ላይ ስማራግዳ ካራጆግሉን አገኘሁ። የፋብሪካ ሠራተኛ ሳለች እዚሁ ክፍል ፊደል የቆጠረች፣ አምና የቀበርናት ሴት ናት። የስምንት ዓመቷ ተማሪዬ ስማራግዳ የልጅ ልጇ ናት፤ እስከ ቤተሰብ ስም ሞክሼ። ሟቿን ጨምሬ ዝርዝሩን በፊደል ተራ ስገለብጠው ሁለቱ ስሞች ስድስተኛና ሰባተኛ ሆነው ተከታተሉ።

ተቆጣጣሪው መጥቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ስም መጥራት ጀመርኩ።

«ስማራግዳ ካራጆግሉ!»

«አለሁ!» አለች ልጅቷ፣ አፏ በኩሉሪ ዳቦ እንደተሞላ።

ለሁለተኛዋ «አሟታል» ልል ነበር።

«ስማራግዳ ካራጆግሉ…»

«አለሁ» አለ ከኋላ ወንበር የሻከረ ድምፅ።

ቀና ብዬ አየሁ፤ ኋላ ወንበር ላይ ማንም የለም። ተቆጣጣሪው ግን ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም።

«የአጎት ልጆች ናቸው አይደል? እኛም ቤት ሦስት ስቴርዮስ ነን። አያታችን ስትጣራ ሦስታችንም እንሮጣለን፤ አንዱን ለመምታት ከሆነ ግን ማንም አይሰማም!» ብሎ እየሳቀ ፈረመ።

ትምህርት ቤቱ ተረፈ። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲህ ስሟ ሲጠራ ዝም ትል ጀመር። ከኋላ የሚመልሰው ድምፅ ብቻ ነበር።

«አንቺ፣ አፍሽን ምን ለጎመው?»

«አያቴ መለሰችልኝ እኮ፣ ኪርያ» አለችኝ፤ እመቤት ማለቷ ነው።

ድምጿ ከግድግዳ ማዶ የመጣ ያህል ራቀብኝ። ፊቷም ነጥቷል። ፈራሁ፤ ራሴንም ረገምኩ። ትምህርት ቤቱ ገደል ይግባ ብዬ ብዕር አነሣሁና የሟቿን ስም ልሰርዝ መዝገቡን ገለጥኩ። ስድስትና ሰባት። ያው ስም፣ ያው የቤተሰብ ስም፣ ያው የእጄ ጽሑፍ። የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች እኔው የጻፍኩት እንኳ አላውቅም። በግምት ሰባተኛውን ሰረዝኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠራሁ።

«ስማራግዳ ካራጆግሉ!»

«አለሁ» አለ የሻከረው ድምፅ።

ፊት ወንበር ላይ ማንም የለም። የተገመጠ ኩሉሪ ዴስኩ ላይ ቀርቷል።

«ልጆች፣ ስማራግዳ የት ሄደች?»

ልጆቹ ተያይተው ሳቁብኝ።

«ኪርያ ደግሞ! አለሁ አለችሽ እኮ» አሉና ወደ ኋላ ወንበር ጠቆሙኝ።