ሥሩ የማይቀበር ተክል

ወንድሜ የሚያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ግድግዳውንና ዓሣውን። ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጎኑ አይታዘዘውም፤ ምላሱም ከድቶታል። ግድግዳውን ሲያይ ዓይኑ ይደርቃል። ዓሣው ከተደበቀበት ሲወጣ ግን ይከተለዋል፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ የአፉ ጥግ ይላላል። እማዬ የሾርባውን ማንኪያ የምታቀርበው ያኔ ነው። በሌላ ሰዓት አፉን አይከፍትም።

አሁን ግን ዓሣው መውጣት አቁሟል። እንደ ሳህን ጠፍጣፋ የሆነ፣ ድንጉጥ ዓሣ ነው፤ ጓደኞቹ አልቀው ብቻውን ቀርቷል። የመስታወት ገንዳው ውስጥ ከጠጠር በቀር መጠለያ ስለሌለ ከውሃ ማሞቂያው ጀርባ ተለጥፎ ይውላል። ተክል ያስፈልገው ነበር። ችግሩ፣ ይህ ዓሣ የሚኖረው ሠላሳ ዲግሪ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ነው፤ ብዙው የገንዳ ተክል ደግሞ በዚያ ሙቀት ቅጠሉ ይሟሟል።

ዓሣ ሻጩ ጋ ሄድኩ። ሰፈሩ «ዋናተኛው» ይለዋል፤ ዋና አይችልም።

«ዓይን አዋጅ ሆነብሽ አይደል፣ እህቴ? ይቺን ቅጠለ ቀይዋን ውሰጃት።»

«ሙቅ ውሃ ትችላለች?»

«እሷማ እንግዳ ናት። ትንሽ ተጫውታ ትሄዳለች።»

«የሚቆይ ነው የምፈልገው።»

«እንግዲያው ፕላስቲኩን ውሰጂ! አይበላ፣ አይታመም፣ አያማርር። ሚስቴ እንዲህ ያለ ባል ነበር የምፈልገው ትላለች።»

ቅጠለ ቀጫጭኖቹን ተውኳቸው፤ ብርሃን ይፈልጋሉ፣ የወንድሜ ክፍል መጋረጃ ደግሞ ዓይኑን እንዳይወጋው ተዘግቶ ይውላል። አኑቢያስ የሚሉትን መረጥኩ። ቅጠሉ እንደ ቆዳ ወፍራም ነው፤ እድገቱ ዘገምተኛ ቢሆንም ሙቀትና ጥላ ይችላል። አንድ በአንድ እያነሳሁ የቅጠሉ ጀርባ ላይ የቀንድ አውጣ እንቁላል አለመኖሩን አየሁ። ሥሮቹ የሚወጡበትን አግድም ግንድ በጥፍሬ ጫን አልኩት፤ የላላውን መለስኩ፣ ጠንካራውን አሸተትኩ።

«ልታገቢው ነው እንዴ?» አለ ዋናተኛው።

ቤት ገብቼ ተክሎቹን በክር ከድንጋይ ጋር ሳስር እማዬ ቆማ ታየኝ ነበር። ዕድሜዋን የፈጀችው ችግኝ ጣቢያ ነው።

«ሥሩን እንዲህ አራቁተሽ ልትተዪው?»

«ይሄ አይቀበርም፣ እማዬ። ግንዱ ጠጠር ከለበሰ ይበሰብሳል።»

«እኔ ስንቱን ችግኝ...» ብላ ተወችው። «እሺ፣ አንቺ ካልሽ።»

በማግስቱ ዓሣው ከቅጠሎቹ ሥር ብቅ አለ። የወንድሜ ዓይን ተከተለው፤ ሾርባውም አለቀ። እማዬ ባዶውን ሳህን ይዛ መጥታ፣ እንደ ሽልማት አሳየችኝ።

ከዚያ እኔ ለሁለት ሳምንት መስክ ወጣሁ፤ ሥራዬ ከየጉድጓዱ የውሃ ናሙና መሰብሰብ ነው። ስመለስ በሩ ላይ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የገንዳው ውሃ የሩዝ እጣቢ መስሏል። ድንጋዮቹ ክራቸው ተበጥሶ መስኮቱ ላይ ተቀምጠዋል። ተክሎቹ ጠጠሩ ውስጥ በመስመር ቆመዋል፤ የእያንዳንዱ ዙሪያ በጣት ጠቅጠቅ ተደርጓል፣ ልክ እንደ ችግኝ። ቅጠሉ ከላይ አረንጓዴ ነው። አንዱን ስነካው እጄ ላይ ቀረ። ግንዱ እንደ በሰበሰ ሙዝ ሆኗል። ዓሣው ማሞቂያው ሥር በጎኑ ተኝቷል።

«ምን ነክቶት ነው?» አለች እማዬ ከኋላዬ። «ትናንት አልበላም። ልጄም አብሮት አልበላ አለ።»

«ቀብረሻቸው ነው፣ እማዬ። የበሰበሰው ግንድ ውሃውን መርዞታል።»

እጆቿን አየች፤ መዳፏን፣ ከዚያ ጀርባውን።

«የራባቸው መስሎኝ» አለች። «ሥራቸው ውሃ ላይ ሲንከራተት እያየሁ፣ እንዴት ብዬ እንቅልፍ ይውሰደኝ? ነግረሽኝ ነበር፤ እጄ አልሰማ አለ።»

የሞተውን ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልዬ አወጣሁት። ወንድሜ ግድግዳውን ያያል። ማንኪያውን ከንፈሩ ላይ አስነካሁት፤ ሾርባው በአገጩ ወረደ።

ገንዳውን አጥቤ አዲስ ውሃ ሞላሁ። ከተክሎቹ የአንዱ ግንድ ጫፍ ብቻ ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። የበሰበሰውን ቆርጬ ስጥል እማዬ ተቀበለችኝ፤ ሳልነግራት ከድንጋይ ጋር አሰረችው። እጅጌዋን ሰብስባ ገንዳው ውስጥ አስቀመጠችው።

የወንድሜ ዓይን ከግድግዳው ተነሳ።

እጇን ስታወጣ ተመለሰ። መልሳ ከተተችው፤ እንደገና መጣ። እማዬ ትንፋሿን ውጣ እጇን በቅጠሉ ሥር ወደ ግራ አዋኘችው፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ዓይኑ ተከተላት። ማንኪያውን አቀረብኩ፤ ከንፈሩ እንደተገጠመ ነው።

«ቆይ» አለችኝ፣ ዞር ሳትል። «ገና አላመነኝም።»

አዲሱ ውሃ ገና አልሞቀም ነበር። ክንዷ እስከ ክርኗ ቆርፍዷል። እኔ ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ።