የደሄቦ ጣቶች

ደሄቦ መጋላ በሚባለው ሰፈር ውስጥ በነበረች አንዲት ትንሽ የልብስ ስፌት ማኅበር ጨርቅ መርማሪ ነበረች። የካኪ ጣቃ ሲመጣ በጣቶቿ ጫፍ ታሸውና ሻካራውን፣ የሳሳውን፣ እርጥበት የያዘውን ወዲያው ትለያለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

በ1971 የሚሊሺያ ደንብ ልብስ በአስቸኳይ ይድረስ ተባለ። ሊቀመንበሩ ነጋ ሥራው እንዲፈጥንለት የመተኮሻውን ማሽን መከለያ አስፈታ።

«ጓድ ነጋ፣ ይሄ ነገር እጅ ይበላል» ብላው ነበር።

«አብዮቱ አንቺን አይጠብቅም!»

በሦስተኛው ቀን፣ ለጥድፊያው እሷም መተኮሻው ላይ ተመድባ ሳለ፣ የጋለው ብረት በቀኝ እጇ ሦስት ጣቶች ላይ ተከደነ።

ከሁለት ወር በኋላ ፋሻው ሲፈታ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር አብዱላሂ ትኩስ ብርጭቆ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ አስነካት። ሁለቱንም ለየች፤ ደስ አላት። ከዚያ አቡጀዲና ካኪ አስነካት። ሁለቱም አንድ ሆኑባት።

«ሙቀት የሚያደርሰው ነርቭ ሌላ ነው እህቴ» አላት፤ «ልስላሴና ሻካራ የሚለየው ሌላ። አንዱ ድኗል። ሌላው... እንጃ።»

ቤቷ ገብታ የልጇን የኻድራን ፀጉር ልትጎነጉን ተቀመጠች። የልጅቷ ራስ ሙቀት ይሰማታል፤ ፀጉሩ ግን በጣቶቿ መሃል የለም። ሳይታወቃት ጎተተችው።

«እማ! አመመኝ አቦ!»

ደሄቦ ማበጠሪያውን ከግድግዳው ጋር አላተመችው። እንባ አልመጣላትም፤ የመጣው ንዴት ነው።

በማግስቱ ነጋ በአባላቱ ስብሰባ ፊት ወረቀት ዘረጋላት።

«ጓድ ደሄቦ፣ አደጋው በራስሽ ቸልተኝነት መድረሱን አምነሽ ፈርሚ።»

«በየትኛው ጣት?» አለችው። ፊቱ የነበረውን የሻይ ብርጭቆ በጠባሳዋ ነካች። «ይሄ ሻይ ትኩስ መሆኑን አውቃለሁ። የተረፈኝ እሱ ነው። የለበስከው ሸሚዝ ግን ሐር ይሁን ጆንያ አላውቅም! እንጀራ የበላሁበትን ጣት ወስደህ ቸልተኛ ትለኛለህ? ወላሂ አልፈርምም!»

«ይሄ ፀረ አብዮት ንግግር ነው!»

«መከለያውን ማን አስፈታው? ንገሩት እንጂ!»

ፊቷን ወደ አባላቱ አዞረች። ያኔ ከአጠገቧ የምትሰፋው ሽታዬ ብድግ አለች።

«አንተ ነህ። ቡሎኑን የያዝኩልህ እኔው ነኝ።»

«እኔም አይቻለሁ» አለ ከኋላ አንድ ድምፅ፤ ሌላም ተከተለው። ነጋ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

መከለያው በሳምንቱ ተመለሰ። ነጋ ግን ከወንበሩ አልወረደም፤ ደሄቦንም መጋዘን ጠራጊ አደረጋት። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሲያገኛት «እንዴት አደርሽ ጓድ» ይላታል። እሷ ግን መጥረጊያዋን እንደያዘች፣ እሱ እስኪያቀረቅር ድረስ ዓይን ዓይኑን ታየዋለች።